ሁሉም ያነበቡት ደብዳቤ

ሰኞ፣ የካቲት 3

አራት ሰው አንብቦታል። አንድም ሰው አልመለሰም።

ጠዋት አልማዝ ስትደውልልኝ ድምፅዋ ልክ አልነበረም። ኮምፒውተሩ የተበላሸ መስሎኝ ካቻቢቴዬን ቦርሳዬ ውስጥ ወርውሬ ከፈረንሳይ ሰፈር ወደ ጉርድ ሾላ በሁለት ታክሲ ሄድኩ። ለባቡሩ መንገዱን ቆፍረውታልና ከመገናኛ ወዲያ ያለውን በእግሬ ብሄድ ይሻለኝ ነበር። ደርሼ ሳየው ኮምፒውተሩ ደህና ነው። የተበላሸው ሌላ ነገር ነው።

አልማዝ የመዘምራንና የምርቃት ጋውን የምታሰፋ ሴት ናት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቁ በላይ። እናቴ ልትሆን ትንሽ የቀራት ሴት ናት፤ እሷ ግን ገና በሩ ላይ «እህት አልማዝ በይኝ፣ አንቺም በይኝ» ብላ ገላገለችኝ። ቤቱ ውስጥ አራት ሰው ነው ያለው። እሷ፣ ትዕዛዝ የምትቀበለውና የምትሰፋው ቤዛ፣ የሚሰፋውና ዕቃ የሚያደርሰው ከድር፣ ቆራጩ ጋሽ ሀንዲሶ። ጋሽ ሀንዲሶ ከሟች ባለቤቷ ጋር ቤቱን የከፈቱት ሰውዬ ናቸው። እሳቸው ሲገቡ ሁሉም ብድግ ይላል፣ እኔም ሳላስበው ብድግ አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሆሳዕና ከተማ ልጆች፣ የአንድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን፣ ለትንሣኤ ስልሳ ጋውን እንዲሰፋላቸው በኢሜይል ጠይቀው ነበር። ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። ዛሬ ሁለተኛ ጻፉ። በትሕትና ነው፣ ግን ቁርጥ አድርገው፦ እስከ ቅዳሜ መልስ ካላገኘን ሌላ ቤት እናሰፋለን። ስልክ ቁጥር እንኳ አልጻፉም፤ ቢጽፉ ይሄ ሁሉ ባልመጣ ነበር። አልማዝ ሰዎቿን ሰብስባ ስትጠይቅ ሁሉም የመጀመሪያውን ደብዳቤ አይተውታል። ሁሉም ሌላው የመለሰ መስሏቸዋል። አንድ ሰው ሲከፍተው የደመቀው ጽሑፍ ይሳሳል፤ ቀጥሎ የመጣው የሳሳውን አይቶ «ተይዟል» ብሎ ያልፋል።

ስልሳ ጋውን ከመጣ እስከ ሰኔ የምርቃት ሥራ ድረስ አራቱም ሥራ አላቸው። ካልመጣ አልማዝ ማንን አስቀርታ ማንን እንደምታሰናብት አታውቅም። ይህን የነገረችኝ ደረጃው ላይ፣ በሹክሹክታ ነው።

ያገኘሁት፦
— አንድ አድራሻ፣ አንድ ፓስዎርድ። ፓስዎርዱ የአልማዝ ልጅ ስምና አንድ ሁለት ሦስት። በካርቶን ተጽፎ ከካውያው በላይ ተለጥፏል። ደንበኛ ሲለካ ቆሞ ያነበዋል።
— ኢንተርኔቷ ጣት የምታህል፣ ኮምፒውተሩ ላይ የምትሰካ ኢቪዲኦ። ኔትወርክ የምታገኘው ወደ እንጦጦ በሚያየው መስኮት ብቻ ስለሆነ ከረጅም ገመዷ ጋር በስፌት ክር መስኮቱ ላይ ተንጠልጥላለች።
— መልስ ያላገኙ ደብዳቤዎች ሃያ ሦስት። ከነሱ አንዱ «ለመሆኑ ቤታችሁ ክፍት ነው?» ይላል።

ሥራዬ ይሄ ነው። ኢንተርኔት ቤት ተቀጥሬ መሥራቴን ከተውኩ ጀምሮ በየትንንሽ መሥሪያ ቤቱ እየዞርኩ ለብዙ እጅ የሚሆን አንድ የደብዳቤ ሳጥን አዘጋጃለሁ። ይሄኛው ቀላል ነው፣ በሦስት ቀን እጨርሰዋለሁ አልኳት።

የሆሳዕናውን መልስ ጋሽ ሀንዲሶ እንዲሰጡ አልማዝ ለመነቻቸው። ጨርቁ ስንት ሜትር እንደሚፈጅ፣ በስንት ቀን ተቆርጦ እንደሚያልቅ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ ደግሞም የአገራቸው ልጆች ናቸው። «እሺ፣ እመልሳለሁ» አሉ። እኔም አለቀ ብዬ ወጣሁ።


ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ካርቶኑን ቀደድኩት። ትንሽ ድል።

ዛሬ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው መግቢያ ሰጠኋቸው። ደብዳቤው የጋራ ነው፣ ግን ማን ገብቶ ምን እንዳደረገ ይታያል። በዚህ በጣም ነው የምኮራው፤ ሦስት ጊዜ ሳልደግመው አልቀረሁም። ደብዳቤ የከፈተ ሰው የሚመልሰውን ሰው ስም ይለጥፍበታል። አልማዝ ቀይ፣ ቤዛ ቢጫ፣ ከድር ሰማያዊ። ጋሽ ሀንዲሶን ምን ቀለም ላድርግልዎ ብላቸው «የሚታየውን» አሉኝ። ሐምራዊ አደረግሁላቸው። መልስ የተሰጠው «አልቋል» የሚል ይለጠፍበታል። ስም የሌለው ደብዳቤ እንዳያድር።

ከድር ቶሎ ገባው። ልጁ ስልጤ ነው፣ ንግድ በደሙ ነው፤ ከአሁኑ ለአጎቱ ሱቅም እንድሠራ ዋጋ ይጠይቀኛል። ቤዛ የምለውን ሁሉ በልክ መውሰጃ ደብተሯ ላይ በትልልቅ ፊደል ጻፈች። ጋሽ ሀንዲሶ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው ከኋላ ቆመው «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» ይሉ ነበር።

ዐሥር ሰዓት ላይ ሳጥኑን ከፍቼ አየሁት። ሃያ ሦስት ደብዳቤ። ሃያ ሦስት ሐምራዊ።

መጀመሪያ የሆነ ነገር ያበላሸሁ መሰለኝ። አላበላሸሁም። ሁሉም ደብዳቤ በከፈቱ ቁጥር የጋሽ ሀንዲሶን ስም ለጥፈውበታል። አልማዝም ሳትቀር። ጄኔሬተር ግዙ የሚለው ማስታወቂያ ላይ እንኳ ሐምራዊ አለ።

ቤዛን ለምን አልኳት። እኔን የማታውቀኝ ያህል አየችኝ።

«እሳቸው እያሉ እንዴት በራሴ ስም እይዘዋለሁ?»

ከድር ራሱን እየነቀነቀ ተስማማ። አልማዝ ሳቋን በመሀረብ ይዛ ወደ ስፌት መኪናዋ ዞረች። እኔም በታክሲው ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ረዳቱ ገላመጠኝ። እንደዚህ ያለ ቤት አይቼ አላውቅም። ወድጃቸዋለሁ፣ ምን አባቴ ላድርግ።

ግን ቤቴ ደርሼ ጫማዬን ሳወልቅ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከሃያ ሦስቱ ጋሽ ሀንዲሶ አንዱንም አልከፈቱም። የሆሳዕናውንም።


ረቡዕ፣ የካቲት 5

እስከ ስድስት ሰዓት መብራት የለም። መኪኖቹ ቆሙ። የሚሠሩት ጋሽ ሀንዲሶ ብቻ ነበሩ፤ መቀስ መብራት አይፈልግም። መቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጬ እጃቸውን ሳይ ነበር። ጨርቁን የሚለኩት በሜትር አይደለም፣ በጣታቸው እየዳበሱ ነው፤ ሜትሩ የሚመጣው በኋላ፣ ለወግ ያህል። የትዕዛዙን ወረቀት ወደ መስኮቱ ወስደው፣ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ከቆዩ በኋላ ይመለሱና በቃላቸው ይቆርጣሉ።

መብራት ሲመጣ ወንበር ስቤ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጥኳቸው። የሆሳዕናውን አብረን እንመልስ አልኩ። መነጽራቸውን አስተካከሉ። ማውሱን ወደ ቀኝ ወሰዱት፣ ወደ ግራ መለሱት። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። ቤዛ ስፌት መኪናዋን እያስጮኸች ነበርና የሰማኋቸው እኔ ብቻ ነኝ።

«ሮማንዬ፣ ፊደሉ ይዋኝብኛል።»

ከመቼ ጀምሮ ብዬ ጠየቅሁ። በመልሱ ፈንታ ለማንም እንዳልናገር ለመኑኝ፤ እኔን፣ በልጃቸው ልጅ ዕድሜ ያለሁትን፣ እጄን ይዘው።

«ዓይን የሌለውን ቆራጭ ማን ያስቀምጠዋል? አልማዝ አታባርረኝም፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ለምጽዋት አልቀመጥም።»

አልናገርም አልኩ። እርስዎ ይበሉኝ፣ እኔ ልጻፍ ብላቸው ሰው ሁሉ እያየ እንዴት ይሆናል አሉ። ከቤቴ ልላከው አልኩ። «ነገ» አሉ።

ስልሳው ጋውን የአራቱም እንጀራ ነው። ደብዳቤው በእሳቸው ስም ተይዟል። በስማቸው የተያዘውን ደግሞ በዚያ ቤት የሚነካ የለም። ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ በቀለም አሳምሬ።

ሦስት ቀን ቀረ።


ሐሙስ፣ የካቲት 6

ለነገ የተባለው ነገ ዛሬ ነበር። ጋሽ ሀንዲሶ ጠዋቱን ሙሉ ጨርቅ ሲጠቀልሉ፣ ሲፈቱ፣ መልሰው ሲጠቀልሉ ዋሉ። ዓይን ለዓይን አልተያየንም።

ስምንት ሰዓት ላይ አልቻልኩም። የሆሳዕናውን ደብዳቤ ከሐምራዊ ወደ ቢጫ ቀየርኩት። ለቤዛ። እሷ ትመልሳለች፣ እሳቸውም ከጭንቀት ያርፋሉ፣ ማንም ልብ አይልም ብዬ። ብልህ መሆኔ ነበር።

ማን ምን እንዳደረገ ይታያል ብዬ ሦስት ጊዜ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። የቀየርኩት ደግሞ ለመሞከር ከፍቼው በነበረው በቤዛ መግቢያ ነው። ቤዛ የጋሽ ሀንዲሶ ስም ተነስቶ የሷ መግባቱን፣ ያነሳችውም እሷ ተብሎ መጻፉን አየች። ከመኪናዋ ተነስታ መሀል ክፍሉ ላይ ቆመች። ፊቷ ቀልቷል። «ጋሼ፣ እኔ አልነካሁትም» አለች፣ ሁለት ጊዜ። እኔ ነኝ አልኩ ወዲያው። ድምፄ ግን ቀጥኖ ወጣ፤ ለምን እንደሆነ ማስረዳት አልቻልኩም፣ ቃል ገብቻለሁና።

አልማዝ ደረጃው ላይ ወሰደችኝ። አልጮኸችም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፣ አንቺ ግን ሰው የምትንቂ አትመስይኝም፣ ምን ሆነሽ ነው አለችኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ስንመለስ ጋሽ ሀንዲሶ ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው፣ አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ኮታቸውን ለብሰዋል። ትንሽ አሞኛል አሉ። ከድር የመጨረሻው መኪና ሳይቆም ሲወጡ አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። እየወቀሰኝ አልነበረም፣ ግን ሰማሁት።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ቀለሙን ወደ ሐምራዊ መለስኩት። ምን ይጠቅማል።


ዓርብ፣ የካቲት 7

አልመጡም። አልማዝ ስትደውል ባለቤታቸው አነሱና ተኝቷል አሏት። ስልኩን ዘግታ «ያስቀየምሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺው ሂጂ» አለችኝ። ልክ ናት።

ኮተቤ ላይ ብርቱካን ገዛሁ፣ ከዚያ ወደ ካራ ሰፈር ሄድኩ። ቤታቸው ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው፤ ፊት ለፊቱ የሰው ማሳ፣ በጓሮው አምስት እግር እንሰት። አልተኙም። በረንዳው ላይ ተቀምጠው የነጠላ ቁጢት ይቋጫሉ፣ በዳበሳ። ገብቼ ይቅርታ ጠየቅሁ። «ተይ፣ ተቀመጪ» አሉ። ባለቤታቸው እትዬ ማርታ ቆጮ በጎመን አቀረቡልኝ፣ ሳልጨርስ ደገሙልኝ። ከዚያ እጃቸውን በመቀነታቸው ጠርገው ነገሩን አፈረጡት።

«ይሄ ሁሉ የዓይኑ ነገር ነው ልጄ። ሞራ ነው፣ ይገፈፋል ተብሏል። እሱ ነው ከሥራ እቀራለሁ ብሎ የሚፈራው።»

ጋሽ ሀንዲሶ ባለቤታቸውን አዩዋቸው። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። ትከሻቸው ወረደ እንጂ አልተቆጡም፤ ብዙ ተሸክሞ የቆየ ሰው ዕቃውን ሲያወርዱለት እንደዚያ ነው።

የድሮውን አወሩኝ። ኢሜይል ሳይመጣ ደብዳቤ በፖስታ ሳጥን ቁጥር ነበር የሚመጣላቸው። ጠዋት ከጸሎት በኋላ፣ ሥራ ሳይጀመር፣ ሁሉም ቆሞ እያለ የአልማዝ ባል ደብዳቤውን ጮክ ብሎ ያነባል። ከዚያ እሳቸው «ይሄ ያንተ፣ ይሄ ያንቺ» ብለው ያድላሉ። አንድ ደብዳቤ ማንም ብቻውን አንብቦት አያውቅም፣ አንድም ደብዳቤ ባለቤት አጥቶ አያውቅም። ኮምፒውተሩ ሲመጣ ሁሉም ለየብቻው ማንበብ ጀመረ።

ቂል ነኝ። አምስት ቀን ሙሉ እሳቸው እንዲመልሱ ስታገል ነበር። የሚመልሱ ሳይሆን የሚያድሉ ሰው ናቸው። ልጆቹ ስማቸውን ሁሉም ላይ የለጠፉትም ለዚህ ነው፤ እስኪያድሏቸው እየጠበቁ ነበር።

ከዚያ መልሱን ይበሉኝ አልኩ። ሌላ ወረቀት ስላልያዝኩ እዚሁ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት፣ ገጹ ከዚህ በስተኋላ አለ። ጨርቁ፣ ሜትሩ፣ ቀኑ፣ ሁሉም በቃላቸው። አንብቢልኝ አሉኝ። አነበብኩ። ጎደለ አሉ።

«ስለ በልጉ አልጠየቅሽም። ዝናቡ ጀመረ ወይ በይ። እህላቸውን ሳይጠይቁ ልብሳቸውን መለካት አለ እንዴ?»

ጨመርኩ። ዛሬውኑ ልላከው ብል እምቢ አሉ። ነገ እራሴ እመጣለሁ፣ በሁሉም ፊት ይነበብ አሉ። ነገ የመጨረሻው ቀን ነው። ኔትወርኩ ቢጠፋስ? መብራቱስ? ምላሴን ነክሼ እሺ አልኩ። በሕይወቴ እንደዛሬ ታግሼ አላውቅም።


ቅዳሜ፣ የካቲት 8

መጡ! ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጫማቸውን አስጠርገው። ኔትወርክ ግን የለም። ኢቪዲኦዋ ቀይ መብራቷን እያበራች ቁልቁል ተንጠልጥላለች።

አልማዝ ጸሎት አድርጋ ስትጨርስ፣ ከድርም ከደረጃው ሲገባ፣ ጋሽ ሀንዲሶ አትቀመጡ አሉ። ሜትሩን ከጠረጴዛው አነሱት፣ አንገታቸው ላይ ግን አላደረጉትም። ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል፣ ከሰኔ ጀምሮ በደንብ አላይም፣ የደበቅኋችሁ ስለፈራሁ ነው አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

መጀመሪያ የተናገረው ከድር ነው።

«እናውቃለን እኮ ጋሼ።»

ከድር እሳቸው ለምሳ ሲወጡ የቆረጡትን ሁሉ እየለካ ይመልስ ነበር፤ እስካሁን የተሳሳተ አላገኘም። ይህን ሲል ቤዛ ቀና ብላ አየችው። እሷም የትዕዛዙን ወረቀት በወፍራም ማርከር፣ በትልልቅ ፊደል የምትጽፈው እኔ እንደመሰለኝ ለውበት አይደለም። አልማዝ ደግሞ መቁረጫውን ጠረጴዛ ከግድግዳው ወደ መስኮቱ ያስጠጋችው ለሙቀት ይሻላል በሚል ሰበብ ነበር። ሦስቱም ያውቁ ነበር። ሦስቱም ሌሎቹ አያውቁም ብለው ነው ዝም ያሉት። እዚያው ሆኜ የሰኞው ደብዳቤ ትዝ አለኝ፤ ሁሉም አንብቦት ማንም ያልመለሰው።

ጋሽ ሀንዲሶ ለምን አልነገራችሁኝም አሉ። ቤዛ እያለቀሰች፣ እየሳቀችም፣ እንዴት ብለን አለች። እሳቸው መነጽራቸውን አወለቁና በሜትሩ ጫፍ ጠረጉት። ከዚያ አንገታቸው ላይ መለሱት። ሜትሩን ማለቴ ነው።

ማስታወሻዬን አውጥቼ መልሱን ጮክ ብዬ አነበብኩ፣ ሁሉም ቆመው። አልማዝ አንድ ነገር አስጨመረች፦ ስላዘገየን ይቅርታ። የቀሩትን ሃያ ሁለቱን ቤዛ እያነበበች እሳቸው አደሉ። ይሄ ያንቺ፣ ይሄ ያንተ። ቀዩም ቢጫውም ሰማያዊውም ሥራ አገኘ። የጄኔሬተሩ ማስታወቂያ ሲደርስ ትንሽ አሰቡና «ለከድር» አሉ። ከድር ተቃወመ፣ ማንም አልሰማውም።

ኔትወርኩ አሁንም የለም። ከድር ኢቪዲኦዋን በጋውን መስቀያ ጫፍ ላይ አስሮ እስከ ወገቡ በመስኮቱ ወጥቶ ወደ እንጦጦ ዘረጋት። አልማዝ ቀበቶውን ይዛለች። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል አረንጓዴ በራ። ላክሁት። ሄደ።

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠበቅን። ምንም።


ሰኞ፣ የካቲት 10

ሥራዬን ጨርሻለሁ፣ ዛሬ የምሄድበት ምክንያት የለኝም። ሄድኩ።

በሩን ስከፍት ቤዛ ጀርባዋን ለኮምፒውተሩ ሰጥታ ትሰፋለች። ለወትሮው ፊቷን ነበር የምትሰጠው። እንዳላይ ነው አለችኝ። ከሆሳዕና ደብዳቤ ገብቷል። ደምቆ፣ ጥቁር ሆኖ ከላይ ተቀምጧል። ማንም አልከፈተውም። ጋሽ ሀንዲሶ ከከድር ጋር ዓይናቸውን ለመታየት ሄደዋል፤ ሳይመጡ አይነበብም ተብሏል።

አንድ ጊዜ ብቻ ጠቅ ማድረግ ነው! አልማዝ ሳታየኝ አልቀረችም፣ እጄ ላይ የሚተረተር ጋውን ጣለችልኝ። አንድ እጅጌ ተርትሬ ጨረስኩ።

አምስት ሰዓት ሲያልፍ መጡ። ከቁፋሮው አቧራ ጋር። ከድር ገና በሩ ላይ ይከሳቸው ጀመር፦ ሐኪሙ በሚቀጥለው ሳምንት ልግፈፍልዎ ቢላቸው፣ ስልሳ ጋውን አለብኝ፣ ከትንሣኤ ማግስት ይሁን ብለው ቀን አስቀየሩ። ስልሳው ጋውን መኖሩን እስካሁን ማንም አያውቅም። እሳቸው ጠረጴዛቸው አጠገብ ቆመው «አንብቢው» አሉኝ። እኔን። ቤዛን አይደለም።

ከፈትኩት። ጮክ ብዬ አነበብኩ። ሌላ ቤት ጠይቀው ነበር፣ ዋጋም ተነጋግረው ነበር። ግን ስለ በልጉ የጠየቃቸው የእኛ ደብዳቤ ብቻ ነው። ዝናቡ ጀምሯል፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይላሉ። ስልሳው ስልሳ አራት ይሁንልን፣ የእያንዳንዳችንን ልክ እንዴት አድርገን እንላክላችሁ?

አልማዝ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ከድር ስልሳ አራትን በሜትር ማባዛት ጀመረ። ጋሽ ሀንዲሶ እጃቸውን አንስተው ጸጥ አሰኙን፤ ገና አላደሉም።

«ይሄ የሮማን ነው።»

የቤቱ ሰው አይደለሁም፣ ሥራዬንም ቅዳሜ ጨርሻለሁ አልኩ። ቤዛ ስክሪኑን አይታ፣ ደግሞም የሮማን ስም እዚህ የለም፣ የአራታችን ብቻ ነው ያለው አለች። እውነቷን ነው፣ ለራሴ ቀለም አልሠራሁም ነበር።

«ታዲያ ይሠራላት» አሉ ጋሽ ሀንዲሶ፣ ጠመኔያቸውን እየፈለጉ።

ጠመኔውን እጃቸው ላይ አስያዝኳቸውና ተቀመጥኩ። አረንጓዴ አደረግሁት።